ቦርከና ዳር የሚደረግ ጽዳት፦ ማዳበሪያው ከሞላ በኋላ ምን ይሆናል?

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ብዙ ጉዳይ ይዟል። ሰዉ የያዘው ግን አንዱን ነው፤ ፌስታል ታገደ። ከዚያ ወዲህ ወሎ ውስጥ የቦርከና ወንዝ ዳር ጽዳት በተነሳ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ። አንደኛው "ፌስታል ከታገደ ቦርከና ዳር የተንጠለጠለው ሁሉ ከየት መጣ?" የሚል ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል። "ወጣቶቹ ይወጣሉ፣ ያጸዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። አንድ ዝናብ ሲጥል ቦታው እንደነበረው ይሆናል። ታዲያ ልፋቱ ለምኑ ነው?"

ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። "ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም" በሚለው የተለመደ መልስ ግን አይዘጉም። ወንዙ ቆሻሻውን እንዴት እንደሚያጓጉዝ፣ የትኛው ቆሻሻ ገዢ እንዳለው፣ ማዳበሪያው ከሞላ በኋላ ደግሞ ማን እንደሚያነሳው ማየት ይጠይቃሉ።

ደሴ ላይ ተጥሎ ኮምቦልቻ ላይ የሚለቀም

ቦርከና የሚነሳው ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ነው። ከተማዋን አልፎ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ቁልቁል ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይወጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ውኃው ግን በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ወንዝ በበጋ ምስኪን ይመስላል። ልጆች እየዘለሉ ይሻገሩታል። በእነዚያ ወራት ቆሻሻው የሚጠራቀመው ወንዙ ውስጥ ሳይሆን ወደ ወንዙ በሚወርዱ ቦዮች፣ በየመንገዱ ዳር ባሉ የጎርፍ መውረጃዎችና በየሸለቆው አፍ ነው። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። የውኃ ባለሙያዎች "የመጀመሪያው እጥበት" የሚሉት ነገር አለ፤ ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የሚጥሉት የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ለወራት የተከማቸውን ጠራርገው ይወስዳሉ። ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ጎርፍ ውኃው ቢበዛም ቆሻሻው ያን ያህል አይበዛም። የሚጠረገው አስቀድሞ ተጠርጓል።

ይህ ማለት ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ ቁጥቋጦ ላይ የተሰቀለው ፌስታል ሚያዝያ ላይ ደሴ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የተቋጠረበት ሊሆን ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደሴ 151,174፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 85,367 ሰው ነበራቸው። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ አድገዋል። ትልቋ ከተማ ከላይ፣ ትንሿ ከታች መሆኗ ግን አልተለወጠም። ኮምቦልቻ ብቻዋን ስታጸዳ የጎረቤትን ቆሻሻም አብራ ታጸዳለች። ደሴ ስታጸዳ ደግሞ ጥቅሙን በደንብ የምታየው ኮምቦልቻ ናት። የወንዝ ዳር ጽዳት ለማደራጀት አስቸጋሪ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚደክመውና የሚጠቀመው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም።

ከኮምቦልቻ በታች ደግሞ ጨፋ አለ። ወንዙ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፣ የተሸከመውንም ያራግፋል። ጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብት የሚሰማራበት ግጦሽ ነው። ከብት የምግብ ወይም የጨው ሽታ ያለበትን ፌስታል ይበላል። ፌስታሉ አይፈጭም፣ አይወጣም። ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ላሟ ሆዷ ተነፍቶ እየከሳች ስትሄድ ባለቤቱ በሽታ ነው ብሎ ያክማታል።

ከጨፋ በኋላ ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይህ ለዘመቻ ቅስቀሳ የሚያስቡ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ዘመቻ የተጀመረው በባሕር ጠረፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ። ከዚያ የመጡት ፖስተሮችም ኤሊና ዓሣ ነባሪ ይዘው ነው የሚመጡት። ለእኛ ወንዝ ግን "ውቅያኖስን እናድን" የሚለው ቃል አይሠራም። ቦርከና ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክ ከዚሁ ተፋሰስ አይወጣም። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅም እንደዚሁ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ዳርቻው ላይ የተጣለው እዚያው ይዞራል።

ለምን ሃይላንድ እንጂ የቢራ ጠርሙስ አይታይም?

ወንዝ ዳር የምናየው ሁሉ የተጣለው ሁሉ አይደለም። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ከውኃ ይቀላል። ስለዚህ ይንሳፈፋል፣ ቅርንጫፍ ላይ ይያዛል፣ ጎርፉ ሲጎድል እዚያው ከፍ ብሎ እንደ ሰንደቅ ይቀራል። የውኃ ፕላስቲክ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው፣ የሚሠራው ፔት ከሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ፔት ከውኃ ይከብዳል። ክዳኑ ከተዘጋ በውስጡ ባለው አየር ይንሳፈፋል። ክዳኑ ከወለቀ ውኃ ሞልቶ ይሰጥማል፣ በአሸዋም ይቀበራል። በእጅ የሚለቀመው እንግዲህ የጠቅላላው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ግን በጣም ያስተምራል። ሃይላንድ በየሜዳው ሞልቶ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ብርቅ የሆነው ለምንድን ነው? ቢራ የሚጠጣው ሰው ውኃ ከሚጠጣው የተሻለ ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ጠርሙሱ ማስያዣ አለው። ባለሱቁ "ባዶ ጠርሙስ ይዘሃል ወይ?" ይላል። ካልያዝክ ታስይዛለህ። ስለዚህ ማንም አይጥለውም፤ ቢጥለውም ሌላው አንስቶ ይመልሰዋል። ይህን የሚያስፈጽም ደንብ አስከባሪ የለም፣ ሥልጠናም አልተሰጠም። ዋጋው ብቻውን ሥራውን ሠርቷል።

ሃይላንድም ትንሽ ዋጋ አለው። ቆራሌው ይገዛዋል፤ እየተሰበሰበም ለመልሶ መጠቀም ይሸጣል። ፌስታል ግን ስስ ነው፣ ጭቃ ይይዛል፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ቁጥር ስፍር የሌለው ያስፈልጋል። የሚገዛው የለም። የብስኩትና የቺፕስ መጠቅለያ ደግሞ ከፕላስቲክና ከአሉሚኒየም ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ለመለየት አይመችም። እሱንም የሚገዛ የለም። ወንዝ ዳር የሚቀረው በአመዛኙ ገዢ ያጣው ነው።

ለፎቶ ነው ወይስ ለለውጥ?

የበጎ ፈቃድ ጽዳትን የሚተቹ ሰዎች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቆሻሻው ስለሚመለስ ሥራው ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱና አምራቹ መሥራት ያለባቸውን ነዋሪው በነጻ ሲሠራላቸው እነሱ ይዘናጋሉ። ሦስተኛ፣ ከቤት ለቤት ቆሻሻ ሰብስበው የሚተዳደሩ ማኅበራት አሉ፤ ሥራው የእነሱ እንጀራ ነው።

ደጋፊዎቹ ደግሞ ሰው የሚጥለው በቆሸሸ ቦታ ነው ይላሉ። ንጹሕ ቦታ ላይ ለመጣል እጅ ያቅማማል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ የለቀመ ሰውም ከዚያ በኋላ ከባጃጅ መስኮት ሃይላንድ ለመወርወር ያፍራል ይላሉ።

በሁለቱም ወገን እውነት አለ። የሌላ አገር ልምድ ግን የትኛው መቼ እንደሚሠራ ያሳያል። ሕንድ ሙምባይ ውስጥ ቬርሶቫ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። አፍሮዝ ሻህ የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ማጽዳት ጀመረ። ሰዉ እየተጨመረ ሄደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ5 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ቆሻሻ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓመታት ጠፍተው የነበሩ የባሕር ኤሊዎች እዚያ ፈለፈሉ። ይህ የድሉ ታሪክ ነው። ብዙም የማይነገረው ግን የዝናብ ወቅት በመጣ ቁጥር ባሕሩ ቆሻሻውን መልሶ ማምጣቱ ነው። ሰዎቹ ያልተሸነፉት በየሳምንቱ መጨረሻ ስለተመለሱ ነው። ያውም ቀስ በቀስ ዳርቻውን ትተው ቆሻሻው ወደሚነሳባቸው መንደሮች ሄዱ።

ሌላው ምሳሌ ኢስቶኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 50 ሺህ ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ በየጫካው የተጣለ 10 ሺህ ቶን ገደማ ቆሻሻ አነሳ። ዛሬ የዓለም የጽዳት ቀን የሚባለው ከዚያ የተወለደ ነው። ሰዉ የሚያስታውሰው ቀኑን ነው። ሥራው ያለቀው ግን ከቀኑ በፊት ነበር። በጎ ፈቃደኞች ለወራት እየዞሩ ሕገወጥ መጣያዎቹን አንድ በአንድ በካርታ ላይ መዝግበው ነበር። የዘመቻው ዕለት እያንዳንዱ ቡድን የት እንደሚሄድ ያውቃል። መኪናውም የት እንደሚቆም ያውቃል።

ወሎ ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ ላያስፈልጋት ይችላል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ገበሬው ለእርከን ሥራ ይወጣል። እርከኑ የተሠራበት ቀን ሳይሆን የሚጠገንበት ቀን እንደሚወስነው ማንም የወሎ ገበሬ ይናገራል። ያልተጠገነ እርከን ጎርፉን አንድ ላይ አጠራቅሞ ይለቀዋል። ከነጭራሹ ካልተሠራው ይብሳል።

ሁለት ሰዓት ለቅሞ አንድ ሰዓት መቁጠር

እንግዲህ ጽዳቱ ቦርከናን አያጸዳም እንበል። ምን ይሠራል? ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። የሚያሳየው ግን ከተቆጠረ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ለአዘጋጆች አንድ ምክር ብቻ ይስጥ ቢባል የሚሰጠው ይህን ነው።

በኪሎ መመዘን በቂ አይደለም። "ይህን ያህል ኩንታል አነሳን" የሚለው ቁጥር ለዜና ያምራል። ግን ወንዝ ዳር የተነሳ ፌስታል ግማሹ ጭቃ ነው። አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ብዙ መቶ ፌስታል ይመዝናል። ክብደቱ ስለ ጎማው ይነግረናል እንጂ ስለ ችግሩ አይነግረንም። ስለዚህ በፍሬ መቁጠር ይሻላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከወንዙ ዳር 100 ሜትር ይለካል። ሁለቱ ጫፎች በማይነቃነቅ ነገር ይለያሉ፤ ድልድይ፣ ትልቅ ዋርካ፣ የአጥር ጥግ። ከዚያ መስመር የተለቀመው ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይዘረገፋል። ሁለት ሰው ይለያል፣ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ያሰምራል። መደቦቹ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው የሚያወጣቸው ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የብስኩትና የቺፕስ መጠቅለያ፣ የጫት መጠቅለያ፣ ዳይፐር፣ ጨርቅና ጫማ፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ የግንባታ ፍርስራሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ያው 100 ሜትር እንደገና ይቆጠራል። ሌላ ቦታ ከተቆጠረ ማነጻጸር አይቻልም።

መጠቅለያዎቹን በአምራቻቸው ስም ለይቶ መቁጠርም አለ። ብራንድ ኦዲት ይሉታል። ዓላማው ማንንም ማሳፈር መሆን የለበትም። "የአምራች ኃላፊነት" የሚባል የሕግ ሐሳብ አለ፤ ዕቃውን ለገበያ ያቀረበ ድርጅት ማሸጊያው ከተጣለ በኋላ ለመሰብሰቢያው ወጪ ድርሻ ይክፈል የሚል። እንዲህ ያለ ውይይት ሲመጣ በእጅ ላይ መረጃ መኖሩ ይጠቅማል።

ቁጥሩ ምን ይለውጣል? ዳይፐር ከበዛ ከላይ ያለው ሰፈር ቤት ለቤት የሚሰበስብ ጋሪ አይደርሰውም ማለት ሊሆን ይችላል። ሃይላንድ ከበዛ መናኸሪያና የመንገድ ዳር ንግድ ይጠረጠራል። የጫት መጠቅለያ አንድ ቦታ ከተከማቸ ችግሩ የአንድ ጥግ ነው፤ ምናልባት አንድ የቆሻሻ ገንዳ ይፈታዋል። የግንባታ ፍርስራሽ ከሆነ በሌሊት የሚመጣ መኪና አለ። እያንዳንዱ የተለየ መፍትሔ ይፈልጋል። "ሕዝቡ ይንቃ" የሚለው ለየትኛውም አይሆንም።

ቀኑ መቼ ይሁን?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሴፕቴምበር 20ን የዓለም የጽዳት ቀን ብሎ ሰይሟል። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 10 ላይ ይውላል። አበባው ፈክቷል፣ ዝናቡ እየወጣ ነው፣ ሰዉም የበዓል ስሜት ላይ ነው። ለቆጠራ መጥፎ ጊዜ አይደለም። ክረምቱ ያመጣው ሁሉ ቁጥቋጦው ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

ለመከላከል ግን ዘግይቷል። የመጀመሪያው እጥበት ካለፈ ቆይቷል፣ አብዛኛውም ጨፋ ገብቷል። ወሎ ደግሞ በልግ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ ክረምትን ሳይጠብቅ ቦዮቹን ሊያጥብ ይችላል። ስለዚህ ለመከላከል የታሰበ ጽዳት ሁለት ጊዜ አለው፤ ጥር መጨረሻና ግንቦት መጨረሻ። ቦታውም ወንዙ ዳር ሳይሆን ወደ ወንዙ የሚገቡት ቦዮች ናቸው። ለፎቶ አይመችም። ከአንድ ቦይ አፍ ላይ በግንቦት የሚነሳው ግን ሐምሌ ላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ተበትኖ የሚለቀመው ያው ቆሻሻ ነው።

ሌላ ቀንም አለን፤ ኅዳር 12። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። ያለ አዋጅና ያለ ስብሰባ ሰዉ በየደጁ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ በራሱ የሚንቀሳቀስ የጽዳት ቀን ያለው አገር ብዙ አይደለም። ችግሩ የሚቃጠለው ነገር መለወጡ ነው። ያኔ ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲነድ የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ የአንዳንዱ ዓይነት፣ በተለይ የፒቪሲ፣ ዳይኦክሲን የሚባሉ ለካንሰር የሚያጋልጡ ውሁዶች ይይዛል። መሰብሰቡን ማስቀረትና ማቃጠሉን ማስቀረት አንድ አይደሉም። ቅጠሉ ይታጠን፣ ፕላስቲኩ ተለይቶ ማዳበሪያ ውስጥ ይግባ ቢባል ልማዱም ይቀጥላል፣ ሳንባም ይተርፋል።

በጎ ፈቃድ ነው ወይስ ስም ጥሪ?

ጽዳት በቀበሌ በኩል ሲጠራ ሰው ይመጣል። ግማሹ ስሙ እንዲመዘገብ ነው የሚመጣው። ተቆጣጣሪው ሲሄድ አካፋው ይቀመጣል። በጎ ፈቃድ የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ምክንያት ለብዙ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ሆኗል። በሌላ በኩል ያለ አስተዳደሩ ፈቃድና ያለ መኪናው ምንም አይነሳም። ስለዚህ ጥያቄው አስተዳደሩ ይግባ አይግባ ሳይሆን ማን ይጥራ ነው።

ወሎ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለ፤ ቅሬ። ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ቅሬ መዝገብ አለው፣ የሚታወቅ ወሰን አለው፣ ዳኛ አለው፣ ቀሪ የሚጠየቅበት ደንብ አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት ቅሬ ባለበት ሰፈር ጽዳቱን የማን ሃይማኖት ጠራው የሚል ነገር አይነሳም። ከሁሉም በላይ ቅሬ ሰፈር ነው። ከዚያ ሰፈር የሚወርደው ቦይ የማን እንደሆነ ያውቃል። ለአንድ ቅሬ አንድ ቦይ ቢሰጥ የአንድ ቀን ዘመቻ ወደ ቋሚ ኃላፊነት ይጠጋል።

ይህም ጣጣ አለው። ቅሬ የተቋቋመው ለሐዘን ነው። ሁሉንም ሥራ ከጫኑበት ሰው ይሸሸዋል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ጧት መጠየቅ አንድ ነገር ነው። በየሳምንቱ ማስወጣት ሌላ ነው። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስለሚሆን የሚቀረው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሠራበት ቀን ነው። ጧት በ1 ሰዓት ተጀምሮ በ4 ሰዓት ካላለቀ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

አደጋው

ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጠራ ማለት ወንዙ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ደሴ ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ በዚያ ቁልቁለት ሳይታሰብ ይደርሳል። በዝናብ ወራት ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሆድ ውስጥ መግባት አይገባም። ከላይ ስልክ የሚደውል ሰው ማቆም ብዙ ወጪ የለውም።

ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መግባትም ሌላ ጣጣ አለው። በቦርከና ተፋሰስ ዝቅተኛ ቦታዎች ቢልሃርዝያ የቆየ በሽታ ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ዝግ ባለ ውኃ ዳር ይኖራል፣ በሽታውም ቆዳን ሰርስሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ የጎማ ቦት ያለው ብቻ ይግባ። ሌላው ደረቁ ላይ ይልቀም። መርፌ ሲገኝ በእጅ አይነሳም፤ በመቆንጠጫ ተነስቶ ክዳን ያለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ለጤና ተቋም ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ስለነካ ምንነቱ የማይታወቅ ብረት ሲገኝ አለመንካትና ለፖሊስ መጠቆም ይገባል። ሕፃናት ለቆጠራው ይጠቅማሉ፣ ለለቀማው ግን አይደለም።

ከጤና አንጻር ጽዳቱ የሚያመጣው አንድ ጥቅም ብዙም አይወራለትም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ ከእስያ መጥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘ። በኋላ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ባለችው ባቲም ተገኝቷል። ይህ ትንኝ እንደ ነባሩ ረግረግ አይፈልግም። ከተማ ውስጥ፣ በርሜል፣ የተጣለ ጎማ፣ ውኃ የያዘ ማንኛውም ዕቃ ይበቃዋል። የተጣለ ጎማና የተቆረጠ ጀሪካን ከቦይ ማንሳት እንግዲህ የወባ መከላከያም ሥራ ነው።

ማዳበሪያው ከሞላ በኋላ

ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰዉ ለቅሞ፣ ማዳበሪያ ሞልቶ፣ መንገድ ዳር ደርድሮ ይሄዳል። መኪናው ነገ ይመጣል ይባላል። ነገ አይመጣም። በሦስተኛው ቀን ማዳበሪያው ራሱ ስለሚፈለግ አንዱ ቆሻሻውን ዘርግፎ ማዳበሪያውን ይወስዳል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ተበትኖ የነበረው ቆሻሻ አሁን አንድ ላይ ተከምሮ ወንዝ ይገባል።

ስለዚህ መኪናው በምን ሰዓት እንደሚመጣ ያልታወቀ ዘመቻ ባይደረግ ይሻላል። ቀኑን የሚወስነው የሰዉ ምቾት ሳይሆን የመኪናው ፕሮግራም መሆን አለበት። በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት እዚህ ላይ ይግቡ። ከላይ የተነሳው ሦስተኛው ትችት፣ እንጀራቸውን መሻማት የሚለው፣ መልስ የሚያገኘውም በዚህ ነው። ሥራውን ያውቁታል። ለዕለቱ ተከፍሏቸው ማጓጓዙን ቢይዙ በጎ ፈቃደኛው የእነሱ ተቀናቃኝ መሆኑ ይቀራል። ሃይላንዱ ቦታው ላይ ተለይቶ ለቆራሌው ቢሸጥ ለጓንትና ለሻይ የሚሆን ሳንቲም ይወጣዋል። ከዚያ በላይ ትርፍ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

በእጅ የማይለቀመው

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ወደ ቦርከና በሚገቡት በለዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ወደ ውኃው እንደሚያስገባ አሳይተዋል። ይህን ማንም በማዳበሪያ አይሞላውም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ የሚያስፈጽመውም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። አደገኛ የሚሆነው ንጹሕ ዳርቻ ንጹሕ ውኃ ሲመስል ነው። ፌስታል የሌለበት ዳርቻ ላይ ልጅ ይዋኛል።

አዋጁ ምን ይለውጣል?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ፌስታልን የሚከለክል የመጀመሪያው ሕግ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ በተፈጥሮ የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትንና ማስገባትን ከልክሎ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ገበያው ሕጉን አልሰማም። አሮጌው ሕግ የሚለካ ነገር ጠየቀ፤ 0.03 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም። አዲሱ ሕግ ፌስታልን በጥቅሉ መከልከሉ ለማስፈጸም ይቀላል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ስታግድም በጥቅሉ ነው ያገደችው። እዚያ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ የሚባል የጋራ ሥራ አለ። እገዳውና የጋራ ሥራው ተደጋግፈዋል ለማለት ይቻላል። ኡሙጋንዳ ግን በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፣ ግዴታም አለበት። ያንን እንዳለ ማምጣት ወደ ስም ጥሪው ይመልሰናል።

እገዳው ሲጠብቅ ቦርከና ዳር የሚታየው ነገር መለወጡ አይቀርም። የፌስታል ቁጥር ይቀንሳል፣ የሃይላንድና የመጠቅለያ ድርሻ ከፍ ይላል። ሰዉም ወደ ዘንቢል ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ደስ ይላል። የኬንያ ልምድ ግን ሌላ ነገር ይጠቁማል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታል ካገደች በኋላ ገበያው ጨርቅ በሚመስል ከረጢት ተሞላ። ሲያዩት ጨርቅ ነው፣ ሲነኩትም ጨርቅ ነው፤ የተሠራው ግን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ይቀደድና ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬንያ እሱንም ከለከለች። መቁጠሪያ ወረቀቱ ላይ እንግዲህ ከአሁኑ አንድ ተጨማሪ መስመር ቢኖር ጥሩ ነው፤ "ጨርቅ መሰል ከረጢት" የሚል። ለመጀመሪያው ቆጠራ ምናልባት ዜሮ ይጻፍበት ይሆናል።